የጥንካሬ ልምምድ፣ ጉዳትና ማገገም፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢያቸው ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች፣ የሰፈር ቡድን አሰልጣኞችና የወጣት ተጫዋቾች ወላጆች ለስፖርት ፊዚዮቴራፒስት ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው፤ የተጎዳ ጡንቻ፣ ጅማትም ሆነ መገጣጠሚያ ወደ ቀድሞ አቅሙ የሚመለሰው ተመጥኖ በሚሰጥና ቀስ በቀስ በሚጨምር ጭነት እንጂ በረጅም እረፍት ወይም በመታሸት ብቻ አይደለም። በአካል ሳይመረምሩ የሚሰጥ ምክር ወሰን ስላለው፣ ሐኪም ቤት መሄድን የግድ የሚያደርጉ ምልክቶች በየቦታቸው ተጠቅሰዋል።

የስፖርት ፊዚዮቴራፒስት ከአሰልጣኝ በምን ይለያል?

አሰልጣኝ የጤነኛውን ሰው አቅም ያሳድጋል፤ ፊዚዮቴራፒስት የተጎዳውን ክፍል መርምሮ አሁን ምን ያህል ጭነት እንደሚችል ይለካል፣ ከዚያም ያንን አቅም ጨዋታው ወይም ሥራው ወደሚጠይቀው ደረጃ የሚያደርስ ልምምድ ያዘጋጃል። ሁለቱ ሙያዎች መገናኘት ያለባቸው ሕመሙ ጠፍቶ አቅሙ ገና ባልተመለሰበት ጊዜ ላይ ነው። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚጎድለውም ይኸው መገናኛ ነው፤ ተጫዋቹ «አሁን አያመኝም» ባለ ማግስት ሙሉ ጨዋታ ይገባል፣ ጉዳቱም ይደገማል። ስለዚህ አሰልጣኙ ቢፈቅድ ተጫዋቹን የሚያክመው ሰው በስልክም ቢሆን እንዲያገኘው እንጠይቃለን።

እያመመኝ ስፖርት መሥራት እችላለሁ ወይስ ሕመሙ እስኪጠፋ ልጠብቅ?

አብዛኛውን ጊዜ መሥራት ይችላሉ፤ መለወጥ ያለበት መጠኑ ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ልኬት ራስዎ ይመዝኑት፤ 0 ምንም የማያም፣ 10 ደግሞ ሊታሰብ የሚችለው ከባዱ ሕመም ነው። በልምምድ ጊዜ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም በአብዛኛው ችግር የለውም፤ 4 እና 5 ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ካለፈ ክብደቱን፣ ድግግሞሹን ወይም የሚጎነበሱበትን ጥልቀት ይቀንሱ። ከዚህ ልኬት የበለጠ እውነቱን የሚናገረው ግን የማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ሲነሱ ሕመሙና መተሳሰሩ ከልምምዱ በፊት ወደነበረበት ከተመለሰ ጭነቱ ተስማምቷል ማለት ነው። ካበጠ ወይም ከቀድሞው ከባሰ የትናንቱ ልክ በዝቷል፤ በዚህ ጊዜ ልምምዱን ጨርሶ ከማቆም ይልቅ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ መቀጠል ይሻላል።

ረጅም እረፍት የማይበጀው ለምን እንደሆነ በደንብ ማስረዳት ያስፈልጋል። ጡንቻና ጅማት የሚሸከሙትን ያህል ይጠነክራሉ፣ የማይሸከሙትን ያህል ይሳሳሉ፤ ሁለት ሳምንት በጄሶ የቆየ እግር ጭኑ መክሳቱ በዓይን ይታያል። ተጫዋቹ ሦስት ሳምንት አርፎ ሆጤ ሜዳ ሲመለስ ጨዋታው ያው የቀድሞው ጨዋታ ነው፤ እግሩ ግን ያው የቀድሞው እግር አይደለም። ሕመሙ ሲመለስበት «ገና አልዳንኩም» ብሎ እንደገና ያርፋል፣ አቅሙም እንደገና ይወርዳል። ከዓመት ዓመት የሚጓተቱ የጉልበትና የተረከዝ ሕመሞች ብዙዎቹ እንዲህ ተይዘው የቀሩ ናቸው።

ማቆም የሚገባበት ጊዜ ግን አለ። በድንገት «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ መገጣጠሚያው በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ጉልበቱ እየከዳዎት ከሆነ፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ካለ፣ ወይም ሲሮጡ በቅልጥም አጥንት ላይ በጣት ጫፍ ሊነካ በሚችል አንድ ነጥብ የሚሰማ ሕመም ቀን በቀን እየባሰ ከሄደ ይቁሙና ይመርመሩ። የመጨረሻው ምልክት የአጥንት መሰንጠቅ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል «ልቻለው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አዲስ ልምምድ በጀመሩ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሰማው የጡንቻ መቀጥቀጥ ስሜት ግን የጉዳት ምልክት አይደለም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በእጅጉ ይቀንሳል።

ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኛል። ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይስ ሐኪም ቤት?

በመጀመሪያ ስብራት ሊኖር ይችል እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ በ1992 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኦታዋ የተዘጋጀና ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቀላል መመዘኛ አለ። በቁርጭምጭሚቱ በውጭም ሆነ በውስጥ በኩል ያለውን ጎላ ያለ አጥንት ይፈልጉ፤ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ የኋላ ጠርዙን በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ቀጥሎ በእግሩ የውጭ ጠርዝ፣ በተረከዝና በትንሿ ጣት መካከል ጎላ ብሎ የሚዳሰሰውን አጥንት፣ በመጨረሻም በውስጥ በኩል ከእግሩ ቅስት በላይ ያለውን አጥንት ይጫኑ። ከእነዚህ በአንዱ አጥንቱ ራሱ የሚያምዎ ከሆነ፣ ወይም በተጎዱበት ሰዓትም አሁንም እያነከሱም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ራጅ ያስፈልግዎታል። አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። መመዘኛው ለሰከረ፣ እግሩ ለደነዘዘ ወይም ለትንሽ ሕፃን አይሠራም።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ሰዎች ወደ እነርሱ የሚሄዱበትን ምክንያት እንረዳለን፤ ቅርብ ናቸው፣ ዋጋቸው አይከብድም፣ ቤተሰብ ለትውልድ ያምናቸዋል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበጠን ቁርጭምጭሚት አጥብቆ ማሸት በውስጥ የሚፈሰውን ደምና እብጠቱን ያባብሳል። ከዚህም የሚከፋው በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር ነው። ደም እንዳይዘዋወር ያገደ እሥር እግርን አጥቁሮና አሙቶ እስከ መቆረጥ እንደሚያደርስ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሚገባ ያውቁታል፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ታስሮ የመጣ ሰው ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ እየከበደ ከሄደ እሥሩን በዚያው ሰዓት ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። እስከ ነገ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

ስብራት ከሌለ ሥራው የሚጀመረው ከቤት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እግሩን ከፍ አድርገው ያሳርፉት፣ በላስቲክ ፋሻ ላላ አድርገው ይጠቅልሉት፣ የቻሉትን ያህል ይራመዱ። በረዶ ከተገኘ ሕመም ያስታግሣል፤ ካልተገኘም ማገገሙን የሚያዘገይ ነገር የለም። ከዚያ ግድግዳ ይዘው በሁለት እግር ተረከዝ ማንሳት፣ ቀጥሎ በተጎዳው እግር ብቻ፣ ጥርስ ሲቦርሹ በአንድ እግር መቆም፣ ይህ ሲቀል ዓይን ጨፍኖ መቆም ይከተላል። በአንድ እግር 25 ጊዜ ተረከዝዎን ማንሳት ከቻሉና በዚያው እግር ወደ ፊትና ወደ ጎን ያለ ፍርሃት መዝለል ከቻሉ ወደ ልምምድ ሜዳ ይመለሱ። ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት እንደገና ወለም ማለት ይወዳል፤ ይህን ዕድል በግልጽ የሚቀንሰው ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ስለሆነ ሕመሙ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ወራት ይቀጥሉበት።

ጦሳ ተራራን ስወጣ ደህና ነኝ፤ ስወርድ ግን ጉልበቴን ያመኛል። ለምን?

ሲወጡ የሚደክመው ሳንባና ልብ ነው፤ ሲወርዱ የሚፈተነው የፊት ጭን ጡንቻ ነው። በቁልቁለት በእያንዳንዱ እርምጃ ይህ ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ያቆማል፣ የጉልበት ሎሚም በጭን አጥንት ላይ በኃይል ይጫናል። ደረጃ ሲወርዱ በዚህ ቦታ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት እስከ 3 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ እሑድ ማለዳ ጦሳን ወጥቶ የሚወርድ ሰው ጉልበቱን የሚያመው ተራራ ለጉልበት መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ጡንቻው ለቁልቁለቱ ስላልተዘጋጀ ነው። ከደሴ ወደ ሀረጎ አቅጣጫ ቁልቁል የሚሮጡ ወጣቶችም ይህንኑ ይላሉ።

መድኃኒቱ ቁልቁለቱን በቤት ውስጥ በትንሹ መለማመድ ነው። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ደረጃ ላይ በሚያመው እግር ይቁሙ። ሌላኛውን እግር ከደረጃው ፊት አንጠልጥለው፣ እስከ ሦስት እየቆጠሩ የቆሙበትን ጉልበት በዝግታ ያጥፉና የተንጠለጠለው ተረከዝ መሬቱን ነካ ሲያደርግ፣ ክብደትዎን ሳያሳርፉበት፣ ተመልሰው ይቁሙ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሳይወድቅ በሁለተኛው ጣት አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ መስታወት ፊት ቢሠሩት ስሕተቱ ወዲያው ይታይዎታል። 3 ዙር በ8 ድግግሞሽ ይጀምሩ፤ 12 ሲደርሱ ደረጃውን ከፍ ያድርጉ ወይም ክብደት ይያዙ። አንድ ቀን እያሳለፉ ይሥሩት። የዳሌ ጡንቻዎችም አብረው መጠንከር ስላለባቸው በጎን ተኝቶ እግር ማንሳትን ይጨምሩበት። ለውጡን ለመፍረድ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ለብዙዎች ደግሞ 12 ሳምንት ያስፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ ተራራውን መተው አያስፈልግም። ግማሽ መንገድ ወጥተው ይመለሱ፣ ሲወርዱ እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ቀጥ ብለው ሳይሆን እየተጠማዘዙ ይውረዱ፣ ዱላም ይያዙ። የወሎ አባቶች ዱላ ይዘው ዳገትና ቁልቁለት መውጣት መውረዳቸው ለጉልበት ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ወጣቱ ሊያፍርበት አይገባም።

ጂም መክፈል አልችልም። በቤት ውስጥ ጥንካሬ መገንባት ይቻላል?

ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ በሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል፤ ይህን ለመፈጸም ማሽን የግድ አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ በግማሽ ሲሞላ 10 ኪሎ። እንደ ጀሪካን በቀላሉ ክብደቱን የሚለዋውጡት መሣሪያ ጂም ውስጥም አይገኝም። በእርሱ ቁጭ ብድግ መሥራት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ ከመሬት ማንሳትና በሁለት እጅ አንጠልጥሎ ዳገት መራመድ ይቻላል። ከዚህ ላይ ፑሽ አፕ ሲጨመርበት ሙሉ ልምምድ ይሆናል። የወጣቶች ቤት ውስጥ በብዛት የሚታየው በጣሳ ሲሚንቶ ተሞልቶ የሚሠራው ባርቤልም ያገለግላል፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል መመዘናቸውንና ብረቱ በሲሚንቶው ውስጥ አለመላላቱን ብቻ ያረጋግጡ።

ዋናው ነገር ጭነቱ በቂ መሆኑ ነው። ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ ሠርተው ሲያቆሙ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ መጨመር የማይችሉ መሆን አለብዎት። 12 ሠርተው ገና ሌላ 10 የሚቀርዎት ከሆነ ክብደቱ ጥንካሬ አይገነባም። ያሰቡትን ድግግሞሽ በሁለት ተከታታይ የልምምድ ቀን አንድ ወይም ሁለት አልፈው ከሠሩ ከ2 እስከ 10 በመቶ ይጨምሩ። የሠሩትን በደብተር ይጻፉ፤ ሳይጻፍ የሚጨመር ክብደት ብዙ ጊዜ በስሜት ነው የሚጨመረው።

ክብደት ማንሳት ልጄን ያጫጨዋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት አይደለም። በአግባቡ ተመርቶ የሚሠራ የጥንካሬ ልምምድ የልጅን ቁመት እንደሚገታ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ልጆች ከግንብ ሲዘሉ በአጥንታቸው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከብዙ የክብደት ልምምዶች ይበልጣል። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት ጀምሮ መመሪያ ሰምቶ መፈጸም የሚችል ልጅ በሰውነቱ ክብደትና በቀላል ነገር መጀመር ይችላል። አደጋው ያለው አዋቂ በሌለበት ጓደኛሞች ተፎካክረው ከአቅም በላይ ሲያነሱ ነው። ልጅን በእርግጥ የሚያጫጨው የምግብ እጥረት ነው።

የሰፈር ቡድን አሠለጥናለሁ። ተጫዋቾቼ በየጊዜው ይጎዱብኛል። በምን ልጀምር?

በማሟሟቂያው ይጀምሩ። በደሴ ማለዳው ብርድ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይጥላል፤ በዚህ ሰዓት ሁለት ዙር ሮጦ፣ ቆሞ እግር ስቦ ወዲያው ኳስ መምታት የተለመደ ነው። ቆሞ መሳሳብ ብቻውን ጉዳትን አይከላከልም። ፊፋ 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ 8 ደቂቃ በዝግታ ሩጫና በእንቅስቃሴ፣ 10 ደቂቃ በጥንካሬ፣ በዝላይና በሚዛን፣ 2 ደቂቃ በፍጥነት ሩጫ። ከኳስና ከምልክት ማድረጊያ በቀር መሣሪያ አይፈልግም። በኖርዌይ 1,892 ወጣት ሴት ተጫዋቾች በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ማሟሟቂያውን የሠሩት ክለቦች ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሶላቸዋል። ቁልፉ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሳያቋርጡ መሥራት ነው፤ አዘውትረው የሠሩት ተጫዋቾች የበለጠ ጥቅም አግኝተዋል።

በሁለተኛ ደረጃ በፍጥነት ሲሮጡ ለሚቀደደው የጭን የኋላ ጡንቻ አንድ ልምምድ ይጨምሩ። ተጫዋቹ ለስላሳ ነገር ላይ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ እንዳለ ወደ ፊት በተቻለ መጠን በዝግታ ይወርዳል፣ መያዝ ሲያቅተው በእጁ መሬት ይይዛል፣ ገፍቶም ይመለሳል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን 2 ዙር በ5 ድግግሞሽ ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለት ቀን በ6፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን እያደጉ በአምስተኛው ሳምንት በ12፣ በ10 እና በ8 ሦስት ዙር ይደርሳሉ። በመጀመሪያ ቀን ብዙ ካሠሩ ተጫዋቾቹ በማግስቱ መቀመጥ ስለሚያቅታቸው ልምምዱን ይጠሉታል። በብዙ ሺህ ስፖርተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ይህ ልምምድ የዚያን ጡንቻ ጉዳት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከጨዋታ ቀን በፊት አያሠሩት።

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣና 25 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና የጥንካሬ ልምምድ የስፖርት ጉዳትን ከአንድ ሦስተኛ በታች እንደሚያወርድ፣ በመሳሳብ ብቻ ግን ጥቅም እንዳልተገኘ አሳይቷል። እነዚህን ቁጥሮች የምንጠቅሰው ሜዳ ላይ ያለው ጊዜ ውስን ስለሆነ ነው፤ 20 ደቂቃ ካለዎት ለምን እንደሚያውሉት መምረጥ ይኖርብዎታል።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር እንወዳለን። ያረፈደን ወይም የተሸነፈን ልጅ በእንቁራሪት ዝላይ፣ ጓደኛውን አዝሎ ዳገት በማስወጣት ወይም በመቶ ቁጭ ብድግ መቅጣት ሥልጠና አይደለም። በድካም ላይ የተጫነ ያልተመጠነ ጭነት ጉልበት ይጎዳል፤ ልጁንም ልምምድን እንደ ቅጣት እንዲቆጥር ያስተምረዋል።

የጉልበት ጅማቴ ተበጥሷል ተባልኩ። ቀዶ ጥገና የግድ ነው? መቼስ ልጫወት?

የፊተኛው የጉልበት ጅማት ሲበጠስ ብዙዎች ገንዘብ ሰብስበው ለቀዶ ጥገና ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ይነሳሉ። ከዚያ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በስዊድን 121 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በተጠናከረ ልምምድ ከጀመሩትና ቀዶ ጥገናውን ሲያስፈልግ ብቻ እንዲያደርጉ ከተመደቡት መካከል ግማሽ ያህሉ በ5 ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገና ሳያደርጉ ቆይተዋል፤ የጉልበታቸው ሁኔታም ቶሎ ከተሠራላቸው አላነሰም። እንግዲህ ጉልበቱ የማይከዳውና አቅጣጫ መለዋወጥ የሚበዛበት ስፖርት የማይጫወት ሰው በመጀመሪያ ሦስት ወር በደንብ የተመራ ልምምድ ቢሞክር ይሻላል። ኳስ ተጫዋች ከሆኑና ጉልበቱ በተደጋጋሚ የሚከዳዎት ከሆነ ግን ቀዶ ጥገናው ምክንያት አለው፤ ከአጥንት ሐኪም ጋር ይወስኑ።

ቀዶ ጥገና ካደረጉ ከ9 ወር በፊት ወደ ጨዋታ አይመለሱ። በኖርዌይ የተደረገ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት በእያንዳንዱ ወር እንደገና የመጎዳትን መጠን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጊዜ ብቻውንም በቂ አይደለም፤ የተጎዳው እግር የጭን ጥንካሬና የዝላይ ርቀት ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ዝላዩን በሜትር መለኪያ ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል።

የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግቼ ልጫወት?

አይጫወቱ። ዲክሎፌናክ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አቅሙን አይጨምርም፤ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። በተረከዝ ጅማት ላይ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ጅማቱን ለመበጠስ ሊያጋልጥ ይችላል።

እናቴ 60 ዓመት አልፏቸዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «አረፍ ይበሉ» እንላቸዋለን። ልክ ነን?

በፍቅር የምትሉት እንደሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን አይጠቅማቸውም። ለተበላ ጉልበት ከመድኃኒት በፊት የሚመከረው የጭንና የዳሌ ጡንቻን ማጠንከር ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ ወንበር ወይም መደብ ላይ ይቀመጡ፣ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አጣጥፈው በዝግታ ይነሱ፣ ከዚያ በላቀ ዝግታ ይቀመጡ። ካልቻሉ በመጀመሪያ መቀመጫው ላይ ትራስ ይጨመርበት፤ እየጠነከሩ ሲሄዱ ትራሱ ይወጣል፣ ኋላም ቡና የሚያፈሉበት በርጩማ ዘንድ ይደርሳሉ። 2 ዙር በ8፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። እጃቸው ጠረጴዛ አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆምን ይለማመዱ፤ በዚህ ዕድሜ የሚፈራው መውደቅና የዳሌ አጥንት መሰበር ነውና።

ስለ ሶላትና ስለ ስግደት ብዙ እናቶችና አባቶች በጭንቀት ይጠይቁናል። ጉልበት ማጠፍ በራሱ ጉልበትን አያበላሽም። ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ወንበር ላይ ሆነው ቢሰግዱ የሃይማኖት አባቶቻቸውን ቢጠይቁ ይፈቀድላቸዋል፤ ሕመሙ ሲበርድ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ትራስ ከጉልበት በታች አድርገው ጥልቀቱን ቀስ በቀስ መመለስ ይቻላል። መስገድን እንደ ሕክምናው ግብ አድርገን ስንጽፍላቸው ልምምዱን በትጋት ይሠራሉ።

በጾም ወቅት ልምምድ ላቋርጥ?

በወሎ በአንድ ጂም ውስጥ የረመዳንና የዐቢይ ጾም ጿሚዎች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ጥያቄው ከሁለቱም ይመጣል። ማቋረጥ አያስፈልግም። ያገኙትን ጥንካሬ ለማቆየት የሚጠይቀው ሥራ አዲስ ለመገንባት ከሚጠይቀው በጣም ያነሰ ነው፤ ክብደቱን ሳይቀንሱ የዙሩን ብዛት ወደ አንድ ሦስተኛ ቢያወርዱ ለአንድና ለሁለት ወር ጥንካሬዎ አይጠፋም። በረመዳን ከፊጥራ በኋላ አንድና ሁለት ሰዓት ቆይቶ መሥራት ይመረጣል፤ ካልተመቸ ቀለል ያለውን ከፊጥራ ጥቂት ቀደም ብሎ መሥራትና ወዲያው ውሃ መጠጣት ነው። ጠንካራ ሩጫ በቀትር አይሠራም።

በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሚቀር የፕሮቲን ነገር ያሳስባል። ጡንቻ ለመገንባት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይጠቅማል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ግራም ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሽሮ፣ ምስር፣ የሽምብራ ቆሎና አኩሪ አተር በየማዕዱ ቢበዙ ፍላጎቱን ማቀራረብ ይቻላል። የስኳር ሕመም ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር ጾምንና ልምምድን አንድ ላይ አይጀምር።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ቆሜ እሠራለሁ፣ ወገቤን ያመኛል። ስፖርት ይጠቅመኛል?

ለአብዛኛው የወገብ ሕመም ይጠቅማል፤ መተኛት ግን ያዘገያል። በኢንዱስትሪ ፓርኩና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለረጅም ሰዓት ለሚቆሙ ሠራተኞች በእረፍት ሰዓት 10 ደቂቃ መራመድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከመሬት ክብደት የማንሳት ልምምድ ከቀላሉ ጀምሮ መሥራት ይመከራል። ወገብን ከማንሳት በመከልከል ማዳን አይቻልም፤ ሥራው ያው ማንሳት ነውና ወገቡ ለእርሱ መሠልጠን አለበት።

ነገር ግን እንደ ሽንት መቸገር፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ወይም በሁለቱም እግር መዛል ያለ ነገር ከተከሰተ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሌሊት የሚያነቃ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ አብረው ካሉም ልምምዱን ትተው ይመርመሩ። በአገራችን አከርካሪን የሚያጠቃ ነቀርሳ (ቲቢ) አለ፤ ቶሎ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል፣ ከዘገየ እግርን ያሽመደምዳል።

ደሴ ከፍታ ላይ ናት። ልምምዱን ኮምቦልቻ ወርጄ ብሠራ ይሻላል?

ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው፤ በዚህም ከቆላ የመጣ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደክማል። ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኮምቦልቻ ፈጣን ሩጫ መሥራት ለሯጮች ይመቻል። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ከታክሲ ሒሳቡ የሚበልጥ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ምን ይዤ ልምጣ?

ቁምጣ ወይም ጉልበት ድረስ የሚጠቀለል ሱሪ፣ የሚሮጡበትን ጫማ፣ ራጅ ወይም ኤምአርአይ ካለዎት ፊልሙን ከነውጤቱ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይዘው ይምጡ። ከጉዳቱ በፊት በሳምንት ምን ያህል ይሠሩ እንደነበር በወረቀት ጽፈው ቢያመጡ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅመናል፤ መነሻውን የምንመጥነው ከእርሱ ነው። ሴቶች በሴት ባለሙያ መመርመር ቢፈልጉ ወይም የቤተሰብ ሰው አብሮ እንዲገባ ቢመርጡ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። የሚጫወቱ ከሆነ የአሰልጣኝዎን ስልክ ቁጥርም፣ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ይዘው ይምጡ።